አገሩ ለምን ይፈልግሃል?

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ሰሞኑን ለውጭ አገር ትምህርት የሚመረጡ አገሮች ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። እንደደከማችሁበት ያስታውቃል። ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። አገሮቹን እንደ እግር ኳስ ክለብ ደረጃ ሰጥታችሁ ከላይ ወደ ታች ደርድራችኋቸዋል። አንደኛው አንደኛ የሆነው ለማን ነው? ሕክምና ለሚማር ነው ወይስ አካውንቲንግ? ቤተሰቡ ለሚከፍልለት ነው ወይስ ስኮላርሺፕ ካላገኘ የትም ለማይሄድ? ተምሮ ለሚመለስ ነው ወይስ እዚያው ሥራ ለሚፈልግ? ይሄ ሳይነገር ምኑን ከምኑ እንዳወዳደራችሁ አልገባኝም።

ሥራዬ ወደ ውጭ የሚላኩ የትምህርት ማስረጃዎችን መተርጎም ነው። ትራንስክሪፕታቸውን ይዘው ከሚመጡ ልጆች ጋር ስናወራ ነው የምንውለው። «የት ልትሄድ ነው?» «ካናዳ።» «ለምን ካናዳ?» እዚህ ጋ ዝም ይላሉ። ከዝምታው በኋላ የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ የአክስቴ ልጅ እዚያ ናት፣ ቪዛ ይሰጣሉ አሉኝ፣ ቲክቶክ ላይ አየሁ። አገሩን ለምን እንደመረጡት አስበውበት የሚናገሩም አሉ፣ አልዋሽም። አገሩ ግን እነሱን ለምን እንደሚፈልግ የጠየቀ እስካሁን አላጋጠመኝም።

እኔ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄ ይመስለኛል። ያ አገር የውጭ ተማሪ የሚፈልገው ገንዘቡን ብሎ ነው? ሠራተኛ አንሶት ነው? ወዳጅ ለማፍራት ነው? ወይስ ጭራሽ አይፈልግም፣ በሩን ገና ስላልዘጋው ብቻ ነው የምንገባው? የክፍያው መጠንም፣ የቪዛው ጣጣም፣ ከምረቃ በኋላ የሚመጣውም ነገር ከዚህ ነው የሚመነጨው። (ቀኑንም፣ ወሩንም፣ ዓመቱንም በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

ከሚሸጡት ልጀምር። እንግሊዝ ውስጥ የአገሩ ልጅ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚከፍለው ዓመታዊ ክፍያ በሕግ ጣሪያ አለው። ከ2017 ጀምሮ 9,250 ፓውንድ ላይ ቆሞ ነበር፣ በ2025 ወደ 9,535 ከፍ አለ። ለውጭ ተማሪ ግን ጣሪያ የሚባል ነገር የለም፤ ዩኒቨርሲቲው የፈለገውን ይጠይቃል፣ በብዙ ቦታ እጥፍና ከዚያ በላይ። የአገሩ ልጅ ክፍያ ለዓመታት ሳይነቃነቅ ወጪው ስለናረ ጉድለቱን የሚሞላው የውጭው ልጅ ነው። አውስትራሊያና ካናዳም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እና ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣው ኢሜይል «ውድ ተማሪ» እያለ የሚያቆላምጥህ ለዓይንህ ብሎ አይደለም።

ይሄ በራሱ ነውር የለበትም። ደንበኛ መሆንህን ካወቅህ እንደ ደንበኛ ትጠይቃለህ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውና መንግሥቱ አንድ አይደሉም። ዩኒቨርሲቲው ገንዘብህን ይፈልጋል፣ መራጩ ሕዝብ ደግሞ ቤት ኪራይ የተወደደው በመጤ ነው ብሎ ያጉረመርማል፣ ፖለቲከኛው በሁለቱ መሀል ቆሞ ሲያይ ቶሎ ሊቀንሰው የሚችለው ቁጥር የተማሪ ቪዛ ሆኖ ያገኘዋል። የውጭ ተማሪ እዚያ አገር አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ አይሰጥም። ጋዜጣ ላይ የሚጮህለት ሰውም የለውም።

2024ን ብቻ ተመልከቱ። በጥር ወር እንግሊዝ በማስተማር ብቻ የሚሰጥ ማስተርስ የሚማር ሰው የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ይዞ እንዳይመጣ ከለከለች፤ የቀረው ለምርምር ተማሪዎችና በመንግሥት ስኮላርሺፕ ለሚማሩ ነው። በዚያው ወር ካናዳ በዓመት በምትሰጠው የተማሪ ፈቃድ ላይ ገደብ ማድረጓን አስታወቀች፣ ከትምህርት ክፍያው ውጪ በባንክ መታየት ያለበትን የመኖሪያ ገንዘብ ደግሞ ከ10,000 ወደ 20,635 የካናዳ ዶላር አስነሳችው። በ2025 መስከረም እንደገና 22,895 ገባ። አውስትራሊያ በሐምሌ 2024 የቪዛ ማመልከቻውን ከ710 ወደ 1,600 የአውስትራሊያ ዶላር ወሰደችው፣ ዓመት ቆይታ 2,000 አደረገችው። ይሄ ገንዘብ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ልብ በሉ፣ ሦስቱም አገሮች ከዚያ በፊት ለዓመታት ኑልን ኑልን ሲሉ የነበሩ ናቸው።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የካናዳው የኮሌጅ ጉዳይ ነው። የአንድ የመንግሥት ኮሌጅን ሥርዓተ ትምህርት በፈቃድ ወስደው የሚያስተምሩ የግል ኮሌጆች ነበሩ። ሰርተፍኬቱ የሚወጣው በመንግሥቱ ኮሌጅ ስም ነው፣ ከምረቃ በኋላ የሚገኘው የሥራ ፈቃድም አብሮ ይመጣ ነበር። ብዙ ልጅ የሄደው ለዚያ የሥራ ፈቃድ ሲል ነው፣ ለትምህርቱ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ከግንቦት 15 ቀን 2024 ጀምሮ እዚያ ትምህርት ለሚጀምር ሰው ይሄ ፈቃድ ቀረ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ ዲግሪ ላልሆኑ የኮሌጅ ፕሮግራሞች የትምህርት ዘርፉ ራሱ በተፈቀደው ዝርዝር ውስጥ እንዲሆን ተጠየቀ። አሁንም ግን ዶክመንት ሊያስተረጉም የመጣ ልጅ «ካናዳ የትኛውም ኮሌጅ ከተማርክ ሥራ ፈቃድ ይሰጡሃል» ይለኛል። ማን ነገረህ ስለው ከዓመታት በፊት የሄደ ጓደኛው ነው። ጓደኛው አልዋሸም። የነገረው ያኔ የነበረውን ነው።

ስለ ኤጀንትም እዚሁ ላይ ላንሳ። ኤጀንት ሁሉ ሌባ አይደለም፣ ፎርም መሙላት የሚከብደው ሰው አለ፣ ጊዜ የሌለውም አለ። ግን ኤጀንቱ ደሞዙን ከየት እንደሚያገኝ እወቁ። በእንግሊዝ፣ በአውስትራሊያና በካናዳ ገበያ የተለመደው አሠራር ዩኒቨርሲቲው ለእያንዳንዱ ለተመዘገበ ተማሪ ለኤጀንቱ ኮሚሽን መክፈሉ ነው። «አገልግሎታችን በነፃ ነው» የሚሉህ ለዚያ ነው። ነፃ ነው፣ ግን የሚልኩህ ኮሚሽን ወዳለበት ነው። ወይ ጉድ አትበሉ፣ ንግድ ነው። «ከእኔ ላይ ዩኒቨርሲቲው ስንት ይከፍልሃል?» ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ ነው መድኃኒቱ፣ ጥሩ ኤጀንት ይመልስልሃል። መጥፎው ደግሞ የት ድረስ እንደሚሄድ በ2023 ካናዳ ውስጥ ታይቷል፤ ከሕንድ የሄዱ ልጆች ተምረው ሥራ ከያዙ በኋላ ቋሚ መኖሪያ ሲጠይቁ ኤጀንታቸው የሰጣቸው የአድሚሽን ደብዳቤ ፎርጅድ ሆኖ ተገኘና ከአገር መባረር ተጋረጠባቸው። ከዚያ ወዲህ ነው፣ ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ፣ የካናዳ ኢሚግሬሽን ደብዳቤውን ከትምህርት ቤቱ ጋር በቀጥታ ማመሳከር የጀመረው። አድሚሽን ስታገኝ ራስህ ወደ ዩኒቨርሲቲው በድረ ገጹ ላይ ባለው አድራሻ ጻፍና «ይሄ ደብዳቤ የእናንተ ነው?» ብለህ ጠይቅ። በነፃ የሚገኝ ዋስትና ነው።

ወደማይሸጡት እንለፍ። በዝርዝራችሁ ውስጥ የሌለችው ጀርመን አለች። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም፣ በየሴሚስተሩ የሚከፈል አነስተኛ መዋጮ እንጂ። ሁሉም ጋ ግን አይደለም። ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክልል ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ለሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ማስከፈል ከጀመረ ቆየ፣ ከ2017 ጀምሮ ነው። ስመ ጥሩው የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም በ2024 ማስከፈል ጀምሯል።

ጀርመን ገንዘብህን ካልፈለገች ምን ትፈልጋለች? የተማረ ሠራተኛ ትፈልጋለች፣ ሕዝቧ እያረጀ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ የሚጠብቁህ ጥያቄዎች ሌላ ናቸው። የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃህ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ያስገባሃል ወይ? ካላስገባህ ስቱዲየንኮሌግ የሚባል የዓመት መሰናዶ ትገባለህ፣ በመጨረሻው ፈተና አለው። ቋንቋውስ? በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ማስተርስ ሞልቷል፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ግን አብዛኛው በጀርመንኛ ነው። እና ዝግ ሒሳብ የሚሉት ነገር አለ። ይሄንን ብዙ ሰው ስለማይገባው በዝርዝር ልንገራችሁ።

ዝግ ሒሳብ ማለት በስምህ ተከፍቶ አንተ ራስህ እንደፈለግህ የማታወጣበት አካውንት ነው። ከ2024 መስከረም ጀምሮ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ቪዛ ከመጠየቅህ በፊት ሙሉውን ታስገባለህ። ጀርመን ደርሰህ አድራሻህን አስመዝግበህ እዚያ የባንክ ሒሳብ ስትከፍት ከዝጉ ሒሳብ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅልሃል። ከዚያ በላይ አይሰጥህም። ገንዘቡ ለማንም የተከፈለ አይደለም፣ ያንተው ነው፣ ቪዛው ቢከለከል ማስረጃ አቅርበህ ይመለስልሃል። እንግዲህ ልጆቹ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ከዘመድ ተበድሮ አስገብቶ እንደደረሰ ሊመልስ ያስባል። አይቻልም፣ በወር በወር ነው የሚወጣው፣ አበዳሪህ ዓመት መጠበቅ አለበት። 992 ዩሮም በትንሽ ከተማ ሊበቃ ይችላል፣ ሙኒክ ላይ ግን ኪራዩ ብቻ አብዛኛውን ይበላዋል። ከተማ ሳይመረጥ አገር ተመረጠ ማለት አይቻልም የምለው ለዚህ ነው።

የሰሜን አውሮፓው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። «ኖርዌይ ትምህርት ነፃ ነው» የሚል ቪዲዮ አሁንም ይዞራል። ነበር። ዴንማርክ ከአውሮፓ ውጪ ለሚመጡ ተማሪዎች ክፍያ የጀመረችው በ2006 ነው፣ ስዊድን በ2011፣ ፊንላንድ በ2017፣ መጨረሻ ላይ የቀረችው ኖርዌይ በ2023። በሮቹ ተራ በተራ ተዘጉ። ግብር ከፋዩ ለምን ለእንግዳ ልከፍል ብሎ ጠየቀ፣ ፖለቲከኞቹም መልስ አጡ። ፈረንሳይም በ2019 ለውጭ ተማሪዎች የተለየ ክፍያ አወጣች፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ 2,770፣ ለማስተርስ 3,770 ዩሮ ነበር የጀመረው፤ ነገር ግን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው ውሳኔ ስለሚያስቀሩት የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ሳያዩ ፈረንሳይ ተወደደች ማለት አይቻልም። ጣሊያንም ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። የየክልሉ የትምህርት ድጋፍ የሚሰጠው የቤተሰብን ገቢ አይቶ ነው፣ የውጭ ተማሪም ይወዳደራል። ግን የቤተሰቡ የገቢ ማስረጃ ተተርጉሞና ተረጋግጦ መቅረብ አለበት፣ የጊዜ ገደቡም ቀልድ አያውቅም። ዶክመንቱን በመጨረሻው ሳምንት የሚያመጣልኝ ልጅ አይጠፋም፣ እኔም እስኪነጋ እጽፋለሁ እንጂ ማኅተሙን እኔ አልመታው።

ሦስተኞቹ በስኮላርሺፕ ወዳጅ የሚያፈሩ ናቸው። ቱርክ፣ ሃንጋሪ፣ ቻይና፣ ጃፓን። እነዚህ ስትመለስ ስለ አገራቸው ደግ የምታወራ፣ ቋንቋቸውን የምትናገር ሰው ይፈልጋሉ። በጎ ነገር ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ የትምህርት ክፍያውን፣ ዶርሙን፣ ኢንሹራንሱን፣ የኪስ ገንዘቡንና የአውሮፕላን ቲኬቱን ይሸፍናል፣ ከዲግሪው በፊት የአንድ ዓመት ቱርክኛ አለው። የጃፓኑም ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ እንደዚሁ የዓመት ቋንቋና መሰናዶ አለው፣ በወር 117,000 የን ይሰጣል። የሃንጋሪው በ2013 የተጀመረ ነው፣ ትምህርቱ ነፃ ነው፣ ዶርም ወይም የቤት ድጎማ አለ፣ የወር ገንዘቡ ግን ለመጀመሪያ ዲግሪና ለማስተርስ 43,700 ፎሪንት ብቻ ነው። ቁጥሩ ትልቅ መስሎ እንዳይታያችሁ፣ ፎሪንት ነው። ከ100 ዩሮ ብዙም አይርቅም። ቲኬቱንም አይከፍሉም። ስለዚህ «ፉል ስኮላርሺፕ አገኘሁ» ያለ ልጅ ከቤት በየወሩ ሊላክለት ነው ማለት ነው፣ ወላጆቹ ይሄንን የሚሰሙት ከሄደ በኋላ መሆን የለበትም።

ስለ ስኮላርሺፕ ካነሳን አይቀር፣ አንዳንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ለሁሉም አመልካች «የ50 በመቶ ስኮላርሺፕ» ይሰጣል። ለሁሉም የሚሰጥ ነገር ስኮላርሺፕ ሳይሆን ዋጋው ነው። ከቅናሹ በኋላ የሚቀረውን ከሌሎች ጋር አወዳድሩ እንጂ ቅናሹን አታወዳድሩ። እናሸንፍልሃለን ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ «ስኮላርሺፕ» ካጋጠማችሁ ደግሞ ስልኩን ዝጉት።

አሜሪካን ለብቻዋ ያስቀመጥኳት ከሦስቱም ስለማትገባ ነው። እዚያ አገሩ ሳይሆን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚፈልግህ ወይም የማይፈልግህ። እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ያሉ ጥቂቶች የውጭ አመልካችን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም፣ ከተቀበሉት ደግሞ የጎደለውን ይሞላሉ። ግን የሚቀበሉት ከመቶ በጣት የሚቆጠር ነው። የቀሩት አብዛኞቹ የመክፈል አቅምህን ያያሉ፣ ተቀባይነት አግኝቶ ገንዘቡን ሲያይ የሚቀር ልጅ ብዙ ነው። የዶክትሬት ተማሪ ከሆንክ ነገሩ ይገለበጣል፤ በሳይንስና በኢንጂነሪንግ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ የገባ የዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያው ተሸፍኖለት ደሞዝ ይከፈለዋል፣ ምክንያቱም ላቦራቶሪው የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል።

ዩኒቨርሲቲው ቢፈልግህም ቆንስላው የራሱ ሕግ አለው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214 ንዑስ አንቀጽ (ለ) እንደሚለው የተማሪ ቪዛ ጠያቂ እዚያው ሊቀር እንደሚፈልግ ሰው ነው የሚቆጠረው፣ አይደለሁም ብሎ የማሳመን ሸክሙ የጠያቂው ነው። ኢንተርቪው ላይ «ለምን ይሄንን ዩኒቨርሲቲ መረጥክ?» ሲባል «ደረጃው ከፍተኛ ስለሆነ» ብሎ የሚመልስ ልጅ ራሱን ነው የሚጥለው። ምን ኮርስ እንዳለው፣ የማን ላቦራቶሪ እንደሆነ፣ ከተመረቀ ምን እንደሚሠራበት የማይናገር ሰው ሊማር ይሄዳል ብሎ ማን ያምነዋል? ይሄም ያው የ«ለምን ካናዳ?» ዝምታ ነው፣ እዚያ ግን ለቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ከፍለህበት ነው ዝም የምትለው። መንግሥቱ የውጭ ተማሪዎችን በሚከታተልበት ሲስተም ውስጥ ለመመዝገቢያ የሚከፈለው 350 ዶላር ሳይቆጠር ማለት ነው። ደግሞ ነገር በአንድ ሳምንት ይለወጣል፤ በ2025 ግንቦት መጨረሻ አዲስ የተማሪ ቪዛ ቀጠሮ መስጠት ቆመ፣ በሰኔ ሲቀጥል አመልካቾች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ተጠየቁ።

አሁን «እየሠራሁ እከፍላለሁ» ወደሚለው ልምጣ። ከልጆቹ አፍ በብዛት የምሰማው ይሄንን ነው። እሺ፣ ሕጉን እንየው። እንግሊዝ የዲግሪ ተማሪ በትምህርት ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት፣ ካናዳ ከ2024 ኅዳር ወዲህ ከግቢ ውጪ 24 ሰዓት፣ አውስትራሊያ በሁለት ሳምንት 48 ሰዓት፣ ጃፓን ፈቃድ ወስዶ በሳምንት 28 ሰዓት፣ ጀርመን በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን፣ አሜሪካ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ግቢ ውስጥ ብቻ 20 ሰዓት። በዚህ ሰዓት የሚገኘው ገንዘብ፣ ሥራው ወዲያው ተገኘ ብንል እንኳን፣ ምግብህንና ኪራይህን ቢሸፍን ጎበዝ ነህ። የትምህርት ክፍያ የትም አይደርስም። ቪዛ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም ይሄንን ያውቃል፣ ለዚህ ነው ወደፊት የምታገኘውን ደሞዝ ሳይሆን አሁን ባንክ ያለህን የሚያየው። የባንኩም ገንዘብ ለአንድ ቀን ገብቶ የሚወጣ አይደለም፤ እንግሊዝ ለምሳሌ ሳይቋረጥ 28 ቀን ተቀምጦ ማየት ትፈልጋለች። ጤና መድኅኑንም ለቆይታህ በሙሉ አስቀድማ ነው የምታስከፍልህ፣ ለተማሪ በዓመት 776 ፓውንድ። ጽሑፋችሁ ይሄንን «ተጨማሪ ወጪዎች» ብሎ በአንድ ቃል አልፎታል፣ ለሦስት ዓመት ሲባዛ ግን በአንድ ቃል የሚታለፍ አይደለም።

ከተፈቀደው ሰዓት በላይ በድብቅ የሚሠሩም አሉ። እነሱን አልወቅስም፣ ቸግሯቸው ነው። ቪዛቸው ግን በቀጣሪያቸው አፍ ላይ ነው ያለው፣ ደሞዝ ቢከለክላቸው የት ይከሳሉ?

ደረጃ ነገርም አለ። «በዓለም ስንተኛ ነው?» ይሉኛል። የሻንጋዩ የሚባለው ደረጃ ከ2003 ጀምሮ የሚወጣ ነው፣ ከነጥቡ 30 በመቶው የሚሰጠው የዩኒቨርሲቲው ምሩቃንና መምህራን ላገኟቸው የኖቤልና የፊልድስ (የሒሳብ ሊቃውንት የሚሸለሙት) ሽልማቶች ነው። የኖቤል ተሸላሚው ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስታቲስቲክስ አያስተምርም። ዶክትሬት ልትሠራ ከሆነ ደረጃው የሆነ ነገር ይነግርህ ይሆናል፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ግን ስንት ተማሪ ተመርቆ እንደሚወጣና የትኞቹ ድርጅቶች እንደሚቀጥሯቸው ብታውቅ ይሻልሃል።

ከደረጃው ይልቅ የሚያሳስበኝ የዲግሪው ተቀባይነት ነው። ሕግ የምታጠኑ ልጆች፣ ሕግ ድንበር ሲሻገር ይዳከማል፤ በአንዱ አገር የሕግ ዲግሪ በሌላው ጠበቃ መሆን ተጨማሪ ፈተናና ትምህርት ሳይኖር አይታሰብም። ሕክምናም ዲግሪው ብቻውን ፈቃድ አይደለም፣ የአሜሪካ ለብቻው፣ የእንግሊዝ ለብቻው፣ የጀርመንም ከቋንቋው ጋር ለብቻው ይፈተናል። ኢንጂነሪንግ ይሻላል፣ በ1989 የተፈረመ የዋሽንግተን ስምምነት የሚባል አለ፣ በአባል አገሮች ዕውቅና ያገኘ ፕሮግራም በሌሎቹ ዘንድ ይታወቃል። ግን ዕውቅናው ለፕሮግራሙ እንጂ ለዩኒቨርሲቲው ስም አይደለም፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሲቪሉ ዕውቅና ኖሮት ሌላው ዘርፍ ላይኖረው ይችላል። ጀርመኖች አናቢን የሚባል ለማንም ክፍት የሆነ መዝገብ አላቸው፣ የምታውቀውን ዩኒቨርሲቲ ስም ጽፈህ በጀርመን ይታወቅ አይታወቅ እንደሆነ ታያለህ። ማስተርስ ለማመልከት ያሰበ ሁሉ የራሱን ዩኒቨርሲቲ አስቀድሞ ይፈልግበት። መመለስ የሚፈልግ ደግሞ ጥያቄውን ይገልብጠው፤ የምትመለስበት አገር ያንን ዲግሪ ይቀበላል ወይ? ይሄንን ለቪዛ ከመክፈል በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ነው።

መኖሪያ ቤትስ? ኔዘርላንድ ውስጥ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው «ክፍል ሳታገኙ አትምጡ» ብለው ለተቀበሏቸው ተማሪዎች ይጽፋሉ። ዩኒቨርሲቲ ይሄንን እስኪል ከደረሰ ቀልድ አይደለም።

ልጆቹ አገር ሲጠይቁኝ ስም አልጠራላቸውም። የጻፉትን ወረቀት አምጡ እላለሁ። ወረቀት ከሌለ ቁጭ ብለን እንጽፋለን፤ የምትማረው ምንድን ነው፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ሙሉ ክፍያው እስከ ምረቃ ስንት ነው፣ ክፍያው በየዓመቱ ይጨምራል ወይ (የአድሚሽን ደብዳቤው ግርጌ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፣ አንብቡት)፣ ቪዛ ቢከለከል ዲፖዚቱ ይመለሳል ወይ፣ ከተመረቅህ በኋላ ስንት ጊዜ መቆየት ትችላለህ። የመጨረሻዋን በተለይ ከነቀኗ ጻፏት። እንግሊዝ ለምሳሌ አሁን ለምሩቃን የምትሰጠው ሁለት ዓመት ነው፣ ከ2027 ጥር ጀምሮ ግን ለሚያመለክት ወደ 18 ወር ይወርዳል፣ የዶክትሬት ምሩቃን ሲቀሩ። ዛሬ ገብቶ ያኔ የሚመረቅ ልጅ የሚመለከተው የቱ ነው? ጽሑፋችሁ «ሁለት ዓመት» ብቻ ነው የሚለው።

ብዙ ጊዜ ይሄ ወረቀት ሲሞላ ልጁ አገር ይቀይራል። አንዳንዱ ደግሞ አይቀይርም፣ ግን ለምን እንደሚሄድ አውቆ ይሄዳል፣ ለእሱም ደስ ይለኛል።

ለእናንተ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ቀጥሎ ስትጽፉ ከእያንዳንዱ ሕግና ክፍያ ጎን መቼ እንደወጣ ቀኑን አስቀምጡልን፣ አንባቢው ከስድስት ወር በኋላ ሲያነበው ዳግም ማጣራት እንዳለበት እንዲያውቅ። ሌላው ደግሞ፣ ከጽሑፉ ግርጌ የአንድ ኤጀንሲ ስልክ ቁጥር አይቻለሁ። ማስታወቂያ ከሆነ ማስታወቂያ ነው በሉን፣ እናውቀዋለን። ካልሆነ ግን የደረደራችኋቸው አገሮች በሙሉ ኤጀንሲው ልጅ የሚልክባቸው የሆኑት እንዴት ነው? ጀርመንስ ከዝርዝሩ የቀረችው ጥሩ ዩኒቨርሲቲ አጥታ ነው ወይስ ኮሚሽን የሚከፍል ጠፍቶ?